የኮርማ ፍልሚያ ታሪክና የእኛ አገር በሬ

በሰቆጣና በአካባቢው ደጋ የገበሬ ኑሮ የቆመው በጥማድ በሬ ላይ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል። በእንዲህ ያለ አገር ላደገ ተማሪ፥ ሰው ለትርኢት ሲል ከኮርማ ጋር ይዋጋል ሲባል እንግዳ ነገር ይሆንበታል። ስለዚህ የዚህን ልማድ አመጣጥ ባጭሩ ለማስረዳት አስቤአለሁ።

ሰው ድፍረቱን በከብት መፈተን የጀመረው ከጥንት ነው። በቀርጤስ ደሴት በክኖሶስ ቤተ መንግሥት የተገኘ፥ 3,400 ዓመት ያህል ያስቈጠረ የግድግዳ ሥዕል አንድ ሰው በኮርማ ጀርባ ላይ ሲገለበጥ ያሳያል። በአገራችንም በደቡብ ኦሞ የሐመር ወጣት ተደርድረው በቆሙ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ካለፈ በኋላ ሚስት ለማግባት ይበቃል። በዚህ ፈተና የሚፈተነው ወጣቱ ነው እንጂ ከብቱ አይገደልም።

በእስፓንያ ግን ልማዱ ሌላ መልክ ያዘ። አስቀድሞ መኳንንቱ በፈረስ ተቀምጠው ኮርማውን በጦር ይወጉት ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት ተራ ሰዎች በእግራቸው ቆመው መዋጋት ጀመሩ፤ የሮንዳው ፍራንሲስኮ ሮሜሮም በጨርቅና በሰይፍ በመዋጋት ስመ ጥር ሆነ። በዚያች ከተማ የታወቀው የፍልሚያ አደባባይ በ1785 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ብዙ ሰው ኮርማውን የሚያስቈጣው የጨርቁ ቅላት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከብት ቀይ ቀለምን አጥርቶ አይለይም፤ የሚያስቈጣው የጨርቁ መወዛወዝ ነው።

ተቃውሞውም የቈየ ነው። በ1567 የሮማው ፖፕ ፒዮስ 5ኛ ፍልሚያውን ከልክለው ነበር። በ2010 የካታሎንያ ምክር ቤት ከለከለ፤ በ2016 ግን የእስፓንያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረው። ኮሎምቢያም በ2024 ፍልሚያው ከ2027 ጀምሮ እንዲቀር ሕግ አወጣች። ደጋፊዎቹ የአባቶቻችን ባህል ነው ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ እንስሳን ለደስታ ማሠቃየት ነው ይላሉ።

በእነርሱ ከመፍረዳችን በፊት ግን ራሳችንን እንመልከት። እረኞች በመስክ ላይ ኮርማን ከኮርማ ሲያዋጉ ያላየ ማን አለ? ጩኸቱና ፉጨቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ጎኑን የተወጋ ወይፈን በእርሻ ወራት ቀንበር አይሸከምም፤ ከባለቤቱም ጋር የመቀናጆ ባልንጀራው አብሮ ይጎዳል። በእኔ አስተያየት የአንድ ልማድ ዕድሜ ብቻውን ለመልካምነቱ ምስክር አይሆንም፤ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ መመዘን ይገባል። ይህንንም ለታናናሽ እረኛ ወንድሞቻችን ማስረዳት የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው።