የወገብ ህመምና የዳሌ ወለል፦ እንቅስቃሴ መድኃኒት የሚሆነው እንዴት ነው?

ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ሲነሳ፣ ከባድ ዕቃ ከመሬት ሲያነሳ ወይም ልጅ አዝሎ ሲቆም «ወገቤን!» ሳይል የኖረ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ህመም ነበረባቸው፤ ይህ ቁጥር በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል ይገመታል። ሰዎችን ከሥራቸውና ከዕለት ተዕለት ተግባራቸው ከሚያስተጓጉሉ የጤና እክሎች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሰውም ይኸው ህመም ነው።

ከወገብ ህመም ጎን ለጎን፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰው ላይ ተደርቦ የሚገኝ፣ ነገር ግን እምብዛም የማይነገርለት ሌላ ችግር አለ። ይኸውም የዳሌ ወለል ጡንቻዎች መድከም ነው። ስታስል፣ ስትስቅ ወይም ዕቃ ስታነሳ ሽንት የሚያመልጣት እናት ጉዳዩን ለባሏም ለሐኪሟም ሳትናገር ዓመታትን ታሳልፋለች። «ከወለድኩ ወዲህ የመጣ ነው» በማለት ተቀብላው፣ ቀስ በቀስ ከሰርጉም፣ ከለቅሶውም፣ ከጸሎት ቤቱም ትርቃለች። ይሁን እንጂ ሁለቱም ችግሮች በአብዛኛው ያለ ቀዶ ጥገና ሊሻሻሉ የሚችሉ ናቸው። የሁለቱም ዋነኛ ህክምና ደግሞ በሥርዓት የተመጠነ የአካል እንቅስቃሴ ነው።

አራት ግድግዳ ያለው ሳጥን

የሰው አከርካሪ ከራስ ቅል በታች እስከ ዳሌ ድረስ 24 ተንቀሳቃሽ አጥንቶች አሉት፤ 7ቱ በአንገት፣ 12ቱ በደረት፣ 5ቱ ደግሞ በወገብ ላይ ይገኛሉ። በአጥንቶቹ መካከል ዲስክ የሚባሉ፣ ውጫቸው ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጣቸው ግን ለስላሳ የሆነ ትራሶች አሉ። የአዋቂ ሰው ዲስክ በውስጡ የደም ሥር የለውም ለማለት ይቻላል። ምግቡን የሚያገኘው ከጎረቤት አጥንቶች እየሰረገ በሚመጣ ፈሳሽ ነው። ሰው ሲራመድ፣ ሲተኛና ሲነሳ ዲስኩ ልክ እንደ ስፖንጅ እየተጫነ ፈሳሽ ይሰጣል፣ እየተለቀቀ ደግሞ ይቀበላል። ስለዚህ አከርካሪ ለእንቅስቃሴ የተሠራ የአካል ክፍል ነው።

ይህን ምሰሶ ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች አንድን ሳጥን ይመስላሉ። የሳጥኑ ክዳን ለመተንፈስ የሚያገለግለው ድያፍራም ነው። የፊቱና የጎኑ ግድግዳ ወገብን እንደ መቀነት የሚከበው ጥልቁ የሆድ ጡንቻ ነው። የኋላው ግድግዳ አከርካሪን ተከትለው የተደረደሩት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ወለሉ ደግሞ ከፊተኛው የዳሌ አጥንት እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጋው የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው። ሰው ሲያስል ወይም ጆንያ ሲያነሳ በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ይህን ግፊት አራቱም ክፍሎች ተባብረው ሊሸከሙት ይገባል። ከአራቱ አንዱ ሲደክም ወይም ሲዘገይ ሸክሙ ወደ ሌሎቹ ይዞራል። የወገብና የዳሌ ወለል ችግሮች አብረው የሚታዩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ተመራማሪዎች የሆኑት ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን አንድ አስገራሚ ነገር አሳዩ። ጤነኛ ሰው እጁን ሲያነሳ ጥልቁ የሆድ ጡንቻ ከእጁ ቀድሞ ይሠራል፤ የወገብ ህመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ይህ ጡንቻ ይዘገያል። ከዚያ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች ታዲያ ለዚህ አንድ ጡንቻ ብቻ የሚሰጥ ሥልጠና በረጅም ጊዜ ከሌሎች የአካል እንቅስቃሴዎች እምብዛም እንደማይበልጥ አመልክተዋል። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር የትኛውም እንቅስቃሴ ቢመረጥ ዋናው ነገር በመደበኛነት መቀጠሉ መሆኑን ነው።

ምስሉና ህመሙ ሁልጊዜ አይገናኙም

ከወገብ ህመምተኞች መካከል 90 በመቶ ያህሉ ላይ ህመሙ በአንድ በተለየ በሽታ ወይም ጉዳት ምክንያት መጣ ለማለት አይቻልም። ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይከፋሉ፤ የኤምአርአይ ምስል ተነስተው «ዲስክህ ወጥቷል» ሲባሉ ደግሞ ወገባቸው የተሰበረ ያህል ይደነግጣሉ።

በ1994 በአሜሪካ የታተመ ታዋቂ ጥናት ይህን ድንጋጤ ያረግባል። ምንም የጀርባ ህመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ሲነሱ 52 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ የተነፋ ዲስክ ተገኘባቸው። በሁሉም ደረጃ ጤናማ ዲስክ የነበራቸው 36 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት በምስሉ ላይ የሚታየው ለውጥ ብዙ ጊዜ እንደ ሽበትና እንደ ፊት መጨማደድ የዕድሜ ምልክት ነው ማለት ነው።

በአንጻሩ የእንቅልፍ ማጣት፣ የኑሮ ጭንቀት፣ የሥራ ጫናና ፍርሃት ህመሙን ያባብሱታል። ህመምተኛው «ብንቀሳቀስ ይብስብኛል» ብሎ ይፈራል፤ ስለሚፈራ ይተኛል፤ ሲተኛ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲደክም ደግሞ ትንሹ እንቅስቃሴ እንኳ ያመዋል። የፊዚዮቴራፒ ዋና ሥራ ይህን አዙሪት መስበር ነው።

ዕረፍት ወይስ እንቅስቃሴ?

ለብዙ ዘመን ለወገብ ህመም ይሰጥ የነበረው ምክር «ጠንካራ ፍራሽ ላይ ተኛ» የሚል ነበር። በ1986 ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባካሄዱት ጥናት ለአንዳንድ ህመምተኞች የ2 ቀን፣ ለሌሎቹ የ7 ቀን የአልጋ ዕረፍት አዘዙ። ሁለት ቀን ብቻ እንዲተኙ የታዘዙት ከሥራ የቀሩበት ቀን በ45 በመቶ ያነሰ ሆኖ ሲገኝ፣ በሌላው ሁኔታቸው ግን ልዩነት አልታየም። በ1995 ደግሞ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች በሦስት ቡድን ተከፍለው ተጠኑ። አንዱ ቡድን ተኛ፤ ሁለተኛው የወገብ ማፍታቻ እንቅስቃሴ ሠራ፤ ሦስተኛው ህመሙ በፈቀደለት መጠን የዘወትር ኑሮውን ቀጠለ። ቶሎ ያገገመው ሦስተኛው ቡድን ነበር።

ይህ ውጤት አንድ ጥንቃቄ ያስተምራል። ህመሙ አዲስና ትኩስ በሆነባቸው የመጀመሪያ ቀናት አስፈላጊው ነገር ከባድ ስፖርት ሳይሆን መደበኛ ኑሮን አለማቋረጥ ነው። ህመሙ ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ግን የታቀደ የአካል እንቅስቃሴ ቦታውን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ህመም ትምህርትን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ እንደ ማሳጅ ያሉ የእጅ ህክምናዎችንና የሥነ ልቦና ድጋፍን ይመክራል። የወገብ ቀበቶን፣ አከርካሪን በመሣሪያ መጎተትንና እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ ማስታገሻዎችን ደግሞ በመደበኛነት እንዳይሰጡ ያሳስባል።

ፊዚዮቴራፒስቱ ምን ይሠራል?

ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ከእጁ በፊት ጆሮውን ይጠቀማል። ህመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ህመምተኛው ምን ሥራ እንደሚሠራና መመለስ የሚፈልገው ወደ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። በባህረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና የምትል ሴትና በአሜሪካ የጭነት መኪና እየነዳ ሰዓታትን የሚቀመጥ ሰው ያንኑ የወገብ ህመም ቢናገሩም የሚያስፈልጋቸው ምክር ይለያያል። እርሷ ሸክም ስታነሳ ጉልበቷንና ዳሌዋን እንድታጥፍ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነቷ እንድታስጠጋ፣ ሥራውንም እያፈራረቀች እንድትሠራ ትመከራለች። እርሱ ደግሞ በየዕረፍቱ ወርዶ እንዲራመድ ይነገረዋል።

ከዚያ በኋላ የሚሰጡት እንቅስቃሴዎች ቀላል ናቸው። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ቀስ ብሎ ከወለሉ ማንሳት አንዱ ነው። በእጅና በጉልበት ተደግፎ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን፣ ቀጥሎም ተቃራኒዎቹን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት ሌላው ነው። ዋናው ጥበብ መጠኑ ላይ ነው፤ ዛሬ አምስት ጊዜ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስምንት ጊዜ እያሉ መጨመር ይገባል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። በእንቅስቃሴው ወቅት መጠነኛ ህመም መሰማቱ ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም፤ ህመሙ በማግሥቱም ከበረታ ግን መጠኑን መቀነስ ያስፈልጋል።

መሣሪያም ገንዘብም ለሌለው ሰው ደግሞ የእግር ጉዞ አለ። በ2024 በአውስትራሊያ 701 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ይፋ ሆኗል። ተሳታፊዎቹ በቅርቡ ከወገብ ህመም ያገገሙ ነበሩ። በፊዚዮቴራፒስት እየተመከሩ ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ወደ መራመድ የተሻገሩት ሰዎች ህመሙ እስኪመለስባቸው በአማካኝ 208 ቀናት ቆዩ። ይህን ድጋፍ ባላገኙት ላይ ግን በ112 ቀናት ተመልሷል።

የማይነገረው ችግር

የዳሌ ወለል ጡንቻዎች የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና የሰገራ መውጫን ከታች ደግፈው ይይዛሉ። እርግዝናና ምጥ፣ ሥር የሰደደ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ከባድ ሸክም ያደክሟቸዋል። ውጤቱ የሽንት ማምለጥ ወይም የማህፀን ወደ ታች መንሸራተት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ወንዶችንም ይነካል፤ በተለይ የፕሮስቴት ቀዶ ጥገና ያደረጉ ወንዶች ሽንታቸውን ለመቆጣጠር ሊቸገሩ ይችላሉ።

አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 እነዚህን ጡንቻዎች በእንቅስቃሴ ማጠንከር እንደሚቻል ጽፈው አሳወቁ፤ እንቅስቃሴው እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ2018 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ግምገማ በማሳልና በመሳቅ ጊዜ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል ሥልጠናውን ከወሰዱት ከመቶ 56ቱ እንደዳኑ ሲናገሩ፣ ካልወሰዱት ግን ከመቶ 6ቱ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በጀርባ በመተኛት ወይም በመቀመጥ፣ ሽንትንና ፈስን በአንድ ጊዜ እንደሚይዙ ሁሉ ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፣ ለጥቂት ሰኮንዶች መያዝ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። ትንፋሽ አይያዝም፤ ሆድ፣ ጭንና መቀመጫም አይጨበጡም። በአንድ ጊዜ ስምንት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወራት መቀጠል ይመከራል። ሽንት እየሸኑ ማቋረጥን እንደ ልማድ መያዝ ግን አይገባም፤ ፊኛው በአግባቡ እንዳይፈስ ሊያደርግ ይችላልና።

መልቀቁ ከመሳቡ እኩል አስፈላጊ ነው። የአንዳንድ ሰዎች ችግር ጡንቻው መድከሙ ሳይሆን ከመጠን በላይ መጨበጡ ነው። በዳሌ አካባቢ ወይም በግንኙነት ጊዜ ህመም የሚሰማት ሴት ያለ ምርመራ ማጠንከሪያውን ብትሠራ ሊብስባት ይችላል። ስለዚህም በዚህ ዘርፍ የሠለጠነ ባለሙያ አስቀድሞ ቢመረምራት ይመረጣል።

ከአዲስ አበባ የሚገኝ ትምህርት

የዳሌ ወለል ጤና በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 (እ.ኤ.አ.) ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ለቀናት በተራዘመ ምጥ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ብቻ ሳይሆን ወደ እግሯ የሚወርዱ ነርቮችንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ታካሚዎች ሆስፒታሉ የሚደርሱት ሽንት ከማምለጡ በተጨማሪ እግራቸው ዝሎ፣ መራመድ ተስኗቸው ነው። ቀዳዳው በቀዶ ጥገና ከተዘጋ በኋላም ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ። እነዚህን ሴቶች ዳግም ለማራመድና ለማጠንከር ፊዚዮቴራፒ የህክምናው አካል ሆኗል።

ባህላዊው ልምድም በአግባቡ ሲያዝ ቦታ አለው። አራስን በመቀነት ወገቧን ማሰር ለጥቂት ቀናት የመደገፍ ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን መቀነቱ የጡንቻን ሥራ አይሠራም። ወጌሻ ቀለል አድርጎ ሲያሽ ህመሙ ሊታገስ ይችላል፤ ምክንያቱ ባልታወቀ ህመም ላይ ወገብን በኃይል መጠምዘዝ ግን አደገኛ ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

አብዛኛው የወገብ ህመም አደገኛ ባይሆንም የሚከተሉት ምልክቶች ፈጣን ምርመራ ያሻቸዋል።

• በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሽንትንና ሰገራን በድንገት መቆጣጠር አለመቻል፤ ይህ በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስፈልገው ነው።
• እየባሰ የሚሄድ የእግር መዛል።
• ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ያለ ምክንያት መክሳት፤ እነዚህ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።
• ቀደም ሲል ካንሰር የነበረበት ሰው ላይ የሚጀምር አዲስ የወገብ ህመም።
• ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የሚመጣ ብርቱ ህመም።

ከእነዚህ ውጭ ያለው የወገብ ህመም በአመዛኙ በትዕግሥትና በእንቅስቃሴ የሚረታ ነው። የዳሌ ወለል ድካምም እንዲሁ ህክምና ያለው ችግር እንጂ የእናትነት ዕዳ ወይም የዕድሜ ቅጣት አይደለም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በየትኛውም አገር የምትኖር እናት ለሐኪሟ «ሲያስለኝ ሽንት ያመልጠኛል» ብላ የምትናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ለዓመታት ወደ ተለየቻቸው ሰዎችና ቦታዎች የምትመለስበት መንገድ መጀመሪያ ልትሆን ትችላለች።