ኪስ ለመስፋት ስንት ሰከንድ?

በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪያችን፣ «እናቴ በቀን ስንት ኪስ መስፋት እንዳለባት ማን ነው የሚወስነው?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው በመጽሐፉ ውስጥ ባይኖርም ሒሳብ ነውና አብረን ሠራነው።

ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በአቲ ሪቨር፣ በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ለውጭ ገበያ የሚሰፉ ልብስ ፋብሪካዎች አሉ። በዚህ ሙያ ሠራተኛው አጠገብ ሰዓት ይዞ ከመቆም ይልቅ ጊዜውን በሶፍትዌር ማስላት ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ነው። ሶፍትዌሩ ሥራውን እጅ መዘርጋት፣ ጨርቅ ማንሳት፣ ማስተካከል እያለ ይከፋፍላል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በሠንጠረዥ የተቀመጠውን ጊዜ ይደምራል። የዘዴው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ በመጽሐፍ የወጣው ኤም.ቲ.ኤም. ነው። የእሱ አንድ መለኪያ 0.036 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ዓይን ለመጨፈን እንኳ አይበቃም!

አንድ ኪስ 1,000 መለኪያ ይፈጃል እንበል። 36 ሰከንድ ማለት ነው፤ በሰዓት 100 ኪስ። ነገር ግን ክር ይበጠሳል፣ ውኃ ይጠማል፣ ወገብ ይደክማል። ለዚህ 15 በመቶ ብንጨምር 41.4 ሰከንድ ይሆናል፤ በሰዓት 87 ገደማ። በ8 ሰዓት ልዩነቱ ከ100 ኪስ ያልፋል።

እንቅስቃሴውን የሚደምረው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ለድካም ስንት በመቶ ይታሰብ የሚለውን ግን ሰው ነው የሚወስነው። ልጁ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ፣ «እናቴ የእነሱ ስንት በመቶ እንደሆነ አለቃዋን ልትጠይቅ ነው» አለን።