የዓመቱን ምርጥ ዋናተኛ ማን ይመርጣል? በምንስ ይመርጣል?

ባሎንዶርን የማያውቅ ተማሪ የለም። የጀመረው ግን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሳይሆን «ፍራንስ ፉትቦል» የተባለ የፈረንሳይ መጽሔት መሆኑን ስነግራቸው ብዙዎቹ ይገረማሉ። በዋናም እንዲሁ ነው፤ ዕድሜ ጠገቡ ዓመታዊ ሽልማት የመጣው ከመጽሔት ቤት ነው። ዛሬ የማስረዳው ይህ ሽልማት እንዴት እንደሚሠራና አንድ ወቅት ላይ እንዴት ክፉኛ እንደተሳሳተ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሸላሚው

«ስዊሚንግ ወርልድ» የአሜሪካ መጽሔት ነው። ከ1964 ጀምሮ ከወንዶችም ከሴቶችም የዓመቱን የዓለም ምርጥ ዋናተኛ ሲሰይም ኖሯል። 1964 ለእኛ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ዓመት ነው። በዚያው ኦሊምፒክ ዶን ሾላንደር የተባለ የ18 ዓመት አሜሪካዊ አራት ወርቅ ሲያገኝ፣ የአገሩ ልጅ ሻሮን ስቶውደር ደግሞ ሦስት ወርቅና አንድ ብር ወሰደች። የመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ቀድሞ ፊና፣ ዛሬ ወርልድ አኳቲክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የራሱን ሽልማት የጀመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በአትሌቲክስ ነገሩ ይለያል፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1998፣ አልማዝ አያና በ2016 የዓመቱ ምርጥ የተባሉት በራሱ በፌዴሬሽኑ ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፌዴሬሽን ውድድሩንም፣ ሕጉንም፣ ቅጣቱንም በእጁ የያዘ አካል ነው። መጽሔት ያለው ብዕሩና አንባቢው ብቻ ነው።

ሰዓት እያለ መራጭ ለምን?

ዋና እንደ ጂምናስቲክ ነጥብ ሰጪ ዳኛ አያስፈልገውም። ገንዳው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ሲገፋ ሰዓቱ ይቆማል፣ ክርክሩም በዚያው ያበቃል። በ2008 ቤጂንግ ላይ የተካሄደውን የ100 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜ ተመልከቱ። ሰርቢያዊው ሚሎራድ ቻቪች እስከ መጨረሻዎቹ ሜትሮች ድረስ እየመራ ነበር። ግድግዳው አጠገብ ሲደርስ እጆቹን ዘርግቶ ተንሸራተተ። ማይክል ፌልፕስ ግን አንድ አጭር ቀዘፋ ጨመረና በኃይል መታው። ሰሌዳው ለፌልፕስ 50.58፣ ለቻቪች 50.59 ሰከንድ አሳየ። ሰርቢያ አቤት ብትልም ምስሉ ታይቶ አቤቱታው ውድቅ ሆነ። ያ አንድ መቶኛ ሰከንድ ባይኖር ፌልፕስ በአንድ ኦሊምፒክ ስምንት ወርቅ ያገኘ ሰው ባልተባለ ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ ኬቲ ሌዴኪ 800 ሜትርን ነፃ ዋና በ8 ደቂቃ ከ04.79 ሰከንድ ስትጨርስ፣ ሁለተኛዋ ከ11 ሰከንድ በላይ ወደኋላ ቀርታ ነበር። አሁን ጥያቄው ይመጣል። የ100 ሜትር ቢራቢሮና የ800 ሜትር ነፃ ዋና አንድ ገንዳ ውስጥ ቢዋኙም አንድ ሰዓት አይመዝናቸውም። ማን ይበልጣል ለማለት ሰው መፍረድ አለበት። የሽልማቱ ጣዕምም ጣጣውም እዚህ ላይ ነው።

ወርቅ መቁጠር አይበቃም

በ2005 የዓለም ሻምፒዮና ሞንትሪያል ላይ ፌልፕስ አምስት ወርቅ አገኘ። አውስትራሊያዊው ግራንት ሃኬት ሦስት፦ 400፣ 800 እና 1500 ሜትር። መጽሔቱ የመረጠው ሃኬትን ነው። ለምን ብትሉ፣ ከፌልፕስ አምስት ወርቆች ሦስቱ የቡድን ቅብብል ናቸው። ሃኬት ሦስቱንም ለብቻው ዋኝቶ ነው ያመጣቸው፤ በ800 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንም ሰብሯል። ለእኔ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ፌልፕስ እንደሁ አልተጎዳም፤ ከ2003 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ይህን ሽልማት ስምንት ጊዜ ወስዷል።

ክብረ ወሰን መቁጠርም አያዋጣም። በ2009 ሮም ላይ በአንድ ሻምፒዮና 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ዋናተኞቹ በአንድ ጊዜ ተአምረኞች አልሆኑም፤ የለበሱት ውኃ የማያስገባ፣ ሰውነትን የሚያንሳፍፍ ልብስ ነበር። ከ2010 ጀምሮ ልብሱ ታገደ።

ሴቶቹና ክኒኑ

ወደ ከባዱ ምዕራፍ እንምጣ። በ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክ የምሥራቅ ጀርመን ሴቶች ከ13ቱ የዋና ውድድሮች 11ዱን አሸነፉ። የ17 ዓመቷ ኮርኔሊያ ኤንደር አራት ወርቅ አጠለቀች፤ ሁለቱን ያገኘችው ግማሽ ሰዓት እንኳ ባልሞላ ልዩነት ነው። መጽሔቱም የዓመቱ ምርጥ አላት።

አሜሪካዊቷ ሸርሊ ባባሾፍ በ200፣ በ400፣ በ800 ሜትርና በቅልቅል ቅብብሉ ሁለተኛ ወጣች፤ በአራቱም ቀድመዋት የገቡት ምሥራቅ ጀርመኖች ናቸው። የተፎካካሪዎቿ ጡንቻና የጎረነነ ድምፅ ጤናማ እንዳልሆነ በግልጽ ተናገረች። ጋዜጦቹ ምን አሏት? «አኩራፊዋ ሸርሊ»። ሽንፈት መቀበል ያቃታት ተባለች። በመጨረሻው ቀን በ4 በ100 ሜትር ነፃ ዋና ቅብብል እሷና ሦስት ጓደኞቿ ምሥራቅ ጀርመንን ቀድመው ወርቁን ሲወስዱ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም።

የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ሳይንቲስቱ ቨርነር ፍራንከና ባለቤቱ ብሪጊተ ቤረንዶንክ የምሥጢር ሰነዶቹን እጃቸው አስገቡ። መንግሥት ራሱ አቅዶ፣ ለታዳጊ ልጃገረዶች ቫይታሚን ነው እያለ ኦራል ቱሪናቦል የተባለ የወንድ ሆርሞን መሰል ክኒን ሲያስውጥ እንደኖረ በወረቀት ተገኘ። በ2000 የበርሊን ፍርድ ቤት የስፖርቱን አለቃ ማንፍሬድ ኤቫልድንና ሐኪሙን ማንፍሬድ ሆፕነርን ጥፋተኛ አላቸው፤ ቅጣታቸው ግን በገደብ ታለፈ።

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የሞንትሪያልን ውጤት አልነካም፤ ሜዳልያዎቹ እንደተሰጡ አሉ። መጽሔቱ በታኅሣሥ 2013 ለምሥራቅ ጀርመን ዋናተኞች የሰጣቸውን የዓመቱ ምርጥ ስያሜዎች በሙሉ ሰረዘ። ኤንደርም፣ በ1988 ሴኡል ላይ ስድስት ወርቅ ያገኘችው ክርስቲን ኦቶም ከመዝገቡ ወጡ። ከሞንትሪያል በኋላ 37 ዓመት መዘግየቱ ያሳፍራል፤ ሰነዶቹም ከወጡ ቆይተው ነበር። ቢሆንም ሕግና ቅጣት በእጁ ያለው አካል ያላደረገውን ብዕር ብቻ ያለው አደረገው። ልጃገረዶቹን ግን አታላዮች ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ። የዋጡትን ያላወቁ፣ ጉዳቱን በገላቸው ይዘው የኖሩ ብዙ ናቸው።

አፍሪካስ?

መጽሔቱ ከዓለሙ ምርጥ ሌላ በየአህጉሩም ይሸልማል። የአፍሪካን ክብር ደጋግማ ከወሰዱት አንዷ ዚምባብዌያዊቷ ከርስቲ ኮቨንትሪ ናት፤ ሰባት የኦሊምፒክ ሜዳልያ አላት፣ ከሰኔ 2025 ጀምሮ ደግሞ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ናት። የአህጉር ሽልማት ግን ጣሪያ አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊቷ ፔኒ ሄንስ በ1996 እና በ1999 የዓለሙን ሽልማት ራሱን ወስዳለች። አትላንታ ላይ በደረት ዋና 100ውንም 200ውንም አሸንፋለች፤ ይህን በአንድ ኦሊምፒክ ያደረገች ሌላ ሴት እስካሁን የለችም።

ከኢትዮጵያ በዚህ መዝገብ የገባ ስም የለም። ዋናተኞቻችን ኦሊምፒክ የሚደርሱት የሰዓት መስፈርቱን አሟልተው ሳይሆን፣ ሁሉም አገር እንዲሳተፍ በሚሰጥ ኮታ ነው።

የቤት ሥራ

ፓሪስ፣ ሐምሌ 31 ቀን 2024። ፈረንሳዊው ሌዮን ማርሻን በአንድ ምሽት 200 ሜትር ቢራቢሮንና 200 ሜትር የደረት ዋናን አሸነፈ፤ በሁለቱም የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ገንዳ ቻይናዊው ፓን ዣንሌ 100 ሜትር ነፃ ዋናን በ46.40 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ ሁለተኛውን የቀደመው ከአንድ ሰከንድ በላይ ነው። ወርልድ አኳቲክስ የዓመቱ ምርጥ ብሎ የሰየመው በፓሪስ በግል ውድድር አራት ወርቅ ያገኘውን ማርሻንን ነው። እናንተ መራጭ ብትሆኑ ማንን ትመርጡ ነበር? ምክንያታችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ፤ «ወርቁ ስለሚበዛ» የሚል መልስ ግን አልቀበልም።