የሙቀት ምት በስፖርት ሜዳ

በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌ የሆነችው ቢዮ አዋሌ በስሟ ውስጥ ውሃን ይዛለች፤ «ቢዮ» በሶማልኛ ውሃ ማለት ነውና። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም ጉዳይ ከውሃ አይርቅም፤ ይኸውም በቆላ ሙቀት ሲሮጥ ለተዝለፈለፈ ተማሪ የስፖርት መምህሩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሊሰጠው ስለሚገባ እርዳታ ነው።

ጡንቻ ከሚጠቀምበት ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ሩብ ያህሉ ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ይሆናል። አየሩ ከቆዳችን ይልቅ ሲሞቅ ይህን ሙቀት ለማስወገድ የሚቀረው መንገድ ላብ ነው። አንድ ግራም ላብ ሲተን 2400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሚያቀዘቅዘን ግን የሚተነው እንጂ የሚንጠባጠበው ላብ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ አእምሮ ሲታወክ የሙቀት ምት ይባላል። ደረቅ ቆዳ የዚህ ሕመም ዋነኛ ምልክት ተደርጎ ሲጠቀስ ኖሯል። ሲሮጥ የወደቀ ተማሪ ግን በላብ እንደራሰ ሊሆን ስለሚችል ይህን ምልክት መጠበቅ አደገኛ ነው። ስለዚህ አስቀድመን የምንመረምረው አእምሮውን ነው፤ ተማሪው ይንገዳገዳል? ያለበትን ቦታ ሲጠየቅ ይዘባርቃል?

ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ይገባል። የሚተነፍስ ከሆነ ወደ ጥላ ወስዶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ መላ ሰውነቱን ውሃ እያፈሰሱ ያለማቋረጥ ማራገብ ነው። ትልቅ ገንዳ ከተገኘ ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ ደግፎ መንከር ይበልጣል። ሌላ ሰው በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ፤ ማቀዝቀዙ ግን እስኪደርስ አይጠብቅም፤ አንጎልና ጉበት የሚጎዱት ሙቀቱ በቆየበት ጊዜ ልክ ነውና። ግማሽ ሰዓት እንኳ ብዙ ነው። አእምሮውን ለሳተ ሰው የሚጠጣ ነገር መስጠት አይገባም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በወባማ አካባቢ ትኩሳት ነው ብሎ ፓራሲታሞል መስጠትም አይረዳም፤ መድኃኒቱ የሚሠራው አንጎል ራሱ ከፍ ባደረገው ሙቀት ላይ እንጂ ከጡንቻ በመነጨው ላይ አይደለም።

ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ ከረጅም ዕረፍት መልስ የሩጫ ፈተና መስጠት አይመከርም። በረመዳን ጾም ወቅትም ትምህርቱ ወደ ማለዳ ቢዛወር ይመረጣል።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ይሁንና የእጅ ሙያ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚረሳ መምህራን በየመንፈቁ በራሳቸው ሜዳ ቢለማመዱ እንመርጣለን። ለዚህም ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ነጠላና ማራገቢያ የሚሆን ካርቶን ይበቃል፤ ውሃው የሚጠጣ መሆን የለበትም።