የአሮጌ መኪና መሪ ሲያስቸግር ከየት እንጀምር?

ጅቡቲ ውስጥ አሮጌ መኪና ይዞ ጋራዥ የሚገባ የእኛ ሰው ከመኪናው ችግር ሌላ የቋንቋ ችግርም አለበት። በጋላፊ በኩል የሚመጡት ሾፌሮቻችን ከጣልያንኛ የተወረሰውን ቃል ይዘው «ቴስቲና» ሲሉ፣ የዚህ አገር መካኒክ በፈረንሳይኛ «ሮቱል» ይላል። ዕቃው አንድ ነው፤ የመሪው ዘንግ ጎማውን ከሚያዞረው ብረት ጋር የሚገናኝበት፣ ውስጡ ኳስ ያለው መጋጠሚያ ነው። መሪው ሲዞር ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተተውን ባለጥርስ ዘንግ ደግሞ ከነቤቱ «ክሬማዬር» ይሉታል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ኪስን ይጠብቃል፤ የክሬማዬር ዋጋ ከቴስቲና ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በዚህ ዓመት በቴክኒክ ክበባችን የተማርንበት መኪና የአንድ ወላጅ ኮሮላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራ ሲሆን ከባልባላ ተማሪዎችን ያመላልሱበታል። መሪው ወደ ቀኝ ይስባል፣ ጉድጓድ ሲነካም ከታች «ቋ» ይላል። አንድ ጋራዥ መኪናውን በክሪክ እንኳ ሳያነሣ «ክሬማዬሩ ይቀየር» አላቸው። ልጆች የሚሳፈሩበት መኪና ስለሆነ እንዲሁ መንዳት አይቻልም፤ የተጠየቁት ገንዘብም አቅማቸው አልነበረም።

መምህራችን ያስያዙን ሥርዓት ከመሬት ወደ ላይ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው መሄድ ነው። ስለዚህ በጎማ ነፋስ ጀመርን። ነፋስ የሚለካው ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ነው፤ በዚህ ሙቀት ተነድቶ ከመጣ ልኩ ከፍ ብሎ ያታልላል። የፊት ቀኙ ጎማ ከግራው በጣም አንሶ ተገኘ። ሁለቱን እኩል ስናደርጋቸው መሳቡ ቀረ ማለት ይቻላል። ትንሽ ቢቀርም አያስደነግጥም፤ እዚህ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነና አስፋልቱም ውኃ እንዲያፈስ ወደ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ መኪና በተፈጥሮው ወደ ቀኝ ያደላል። ነፋሱ እኩል ሆኖም የሚስብ ከሆነ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያይሮ መንዳት ነው፤ መሳቡ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልዞረ ደግሞ የሚይዝ ፍሬን ሊሆን ይችላል። ጥቂት ከተነዳ በኋላ መዳፍን ሳያስነኩ ወደ ቸርኬዎቹ ማስጠጋት ይበቃል፤ ፍሬኑ ያልለቀቀው ከጓደኛው ይልቅ ይግላል። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚንቀጠቀጥ መሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ባላንስ ጉዳይ ነው።

የ«ቋ» ድምፅ ምንጩ ግን ሌላ ነበር። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመን፣ አንዳችን መሪውን በትንሹ ወዲያና ወዲህ ስናወዛውዝ ሌላው ወደ ታች ገብቶ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ያዘ። ያለቀ መጋጠሚያ ዓይን ባያየውም እጅ ላይ ይመታል። መሪው ጎማውን ሳያንቀሳቅስ ባዶውን የሚሄድበት ርቀት፣ በመሪው ክብ ጠርዝ ላይ ሲለካ፣ በእንዲህ ዓይነት ቶዮታዎች ከ30 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። የኛው አልፎ ነበር።

ከዚያ የፊቱን በክሪክ አነሣን፤ ክሪክ ሊከዳ ስለሚችል ጠንካራ ድጋፍ ሳይደረግ ማንም ከሥር አይገባም። ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዘን ስንነቀንቀው ቀኙ ተንቀሳቀሰ። ከላይና ከታች ተይዞ የሚነቃነቅ ቢሆን ኩሽኔታው ወይም የታችኛው ቦል ጆይንት ይጠረጠር ነበር። እነዚህን ለመለየት ፍሬን ማስረገጥ ነው፤ ፍሬን ተረግጦ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። በእኛ መኪና ግን ያለቀው የቀኙ ቴስቲና ሆነ። የላስቲክ ሽፋኑ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ግራሶው ወጥቶ በምትኩ አሸዋ ገብቷል። ክሬማዬሩ ደኅና ነበር።

ለመቀየር የዳዶውን መቆለፊያ ሽቦ አውጥተን ዳዶውን ፈታን። የዘንጉን ጥርስ በመዶሻ መምታት ያበላሸዋል፤ የምንመታው ቴስቲናው የተሰካበትን ብረት ከጎኑ ነው፣ መንቀያ ካለ ደግሞ ይሻላል። አሮጌውን ስናወጣ ስንት ዙር እንደ ዞረ ቆጥረን አዲሱን በዚያው ልክ አስገባን፤ ይህ ጎማው ወደ ልኩ እንዲቀርብ ነው። ዳዶው ጠብቆ የሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ ጥቂት ይጨመርበታል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። ሽቦው ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ የዚህ ሁሉ ሥራ ርካሹ ዕቃ እሱ ሲሆን፣ ሳይኖር ቀርቶ ዳዶው ከወለቀ ግን ጎማው ከመሪው ትእዛዝ ይወጣል።

የጎማ አሰላለፍ፣ እዚህ «ፓራሌሊዝም» የሚሉት፣ የመጨረሻው ሥራ ነው። ያለቀ ቴስቲና ሳይቀየር አሰላለፍ ማስተካከል ገንዘብ መጣል ነው፤ መጋጠሚያው ስለሚነቃነቅ ልኩ በማግስቱ ይጠፋል።

ሃይድሮሊክ መሪ ያላቸው መኪናዎች ደግሞ ሲጠነክሩ መጀመሪያ ዘይቱንና የፖምፓውን ቺንጋ ማየት ይገባል። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር የሚጮኸው ብዙ ጊዜ የላላ ቺንጋ ነው። ዘይት የሚያንስ ከሆነ የክሬማዬሩን ላስቲክ ከውጭ ጨመቅ ማድረግ ነው፤ ውስጡ ዘይት ካለ ጎሚኒው አልቋል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ክሬማዬሩ ይወርዳል።

ኮሮላው በማግስቱ ወደ ሥራው ተመለሰ። የግራው ቴስቲና ላስቲክም መሰንጠቅ ጀምሯልና ወላጁ ዕቃውን ገዝተው እንዲያመጡ ነግረናቸዋል፤ እሱን የሚቀይሩት የዘጠነኛ ክፍል አባላት ናቸው።