የምንጠብቀው አንዱን ጌታ ነው

ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ ክርስቲያኖችን የሚያስተሳስሩ ሰባት ነገሮችን ይዘረዝራል፦ አካልን፣ መንፈስን፣ ተስፋን፣ ጌታን፣ እምነትን፣ ጥምቀትንና የሁሉ አባት የሆነውን እግዚአብሔርን። ከሰባቱ አንዱ ተስፋ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ስለ ጌታ መምጣት ሲነሣ የምንጣላበት ነገር፣ ሐዋርያው አንድ ያደርጋችኋል ብሎ ከቆጠራቸው መካከል ነው። የዛሬው ትምህርታችን ከዚህ ይነሣል።

ሐረር ላይ ይህ ጠብ ቤት ድረስ ይገባል። ጁገል ውስጥ ፈረስ መጋላ ላይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። የካቶሊክ ሚሲዮን ደግሞ ዐፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋን ከመያዛቸው በፊት፣ በግብፆች ዘመን የገባ ነው። የወንጌላውያን አጥቢያዎችም አሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስቱም የሚገናኙበት ቤት ጥቂት አይደለም። እናት ቅዳሴ አስቀድሳ ትመለሳለች፤ ልጅ ከአጥቢያዋ ዘምራ ትመጣለች፤ ቡናው ይፈላል። የጦርነት ወሬ ሲሰማ እናት «ስምንተኛው ሺህ እኮ ነው፣ ልጄ» ትላለች። ልጅም «እማዬ፣ ንጥቀት ቀርቧል፤ አንቺ ግን…» ብላ ታቆማለች። ቁስሉ ያለው በዚህ «አንቺ ግን» ላይ ነው። እናት ጌታ ይመጣል እያለች ነው፣ ልጅም ጌታ ይመጣል እያለች ነው፤ ያልተስማሙት በቀጠሮው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ሆኖም ልጅቱ እናቷን ከሚድኑት ውጭ አድርጋ መቁጠር ጀምራለች።

እስቲ ልዩነቱን እንደ ወጉ እንየው። ምንጩ በአብዛኛው አንድ ምዕራፍ ነው፤ የዮሐንስ ራእይ 20። እዚያ ሰይጣን ሺህ ዓመት ይታሰራል፣ ቅዱሳንም ከክርስቶስ ጋር ሺህ ዓመት ይነግሣሉ። ይህ ሺህ ዓመት ምንድን ነው? የኦርቶዶክስና የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት በምድር ላይ ገና የሚመጣ የሺህ ዓመት መንግሥት አይጠብቁም፤ ቁጥሩን በምሥጢር ይተረጉሙታል። መካነ ኢየሱስ የወረሰችው የሉተራውያን ትምህርትም ወደዚሁ ያዘነብላል፤ እ.ኤ.አ. በ1530 የቀረበው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ በአንቀጽ 17 ላይ ከትንሣኤ በፊት ጻድቃን ምድራዊ መንግሥት ይይዛሉ የሚለውን አሳብ አይቀበልም። በሌሎች ብዙ የወንጌላውያን አጥቢያዎች ግን ጌታ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ በምድር ላይ ሺህ ዓመት ይነግሣል ተብሎ ይሰበካል፤ ከመምጣቱ በፊት ቤተ ክርስቲያን ከታላቁ መከራ ትነጠቃለች የሚሉም አሉ። አድቬንቲስቶች ደግሞ ሺህ ዓመቱ የሚያልፈው በሰማይ ነው ይላሉ።

ስምንተኛው ሺህ የሚባለው ከዚህ የተለየ ቆጠራ ነው። በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ይቆጠራል፤ በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረት ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ስለዚህ 2000 ዓ.ም. 7500 ዓመተ ዓለም ነበር። ስምንተኛው ሺህ የገባው ግን ዛሬ አይደለም፤ በ1501 ዓ.ም. ነው። ይህን ሐረር ላይ ሆኖ ማስላት ከባድ ስሜት አለው። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ከዚችው ከተማ ተነሥቶ በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ ሲዋጋ፣ ስምንተኛው ሺህ ከገባ ገና ሃያ ዓመቱ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ያየ ክርስቲያን «ይኸው መጨረሻው» ቢል ማን ይፈርድበታል? ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ደግሞ አሚር ኑር ከተማዋን ለመጠበቅ የጁገልን ግንብ አሠሩ፤ ያ ግንብ ዛሬም ቆሟል። እነዚያ ሰዎች ጌታን መጠበቃቸው ስሕተት አልነበረም። ዘመናቸውን በእርግጠኝነት የመጨረሻው ነው ማለት ግን ለማንም አልተሰጠም፤ ጌታ ራሱ በማቴዎስ 24 ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ከአብ በቀር የሚያውቃት እንደሌለ ተናግሯል፤ በሐዋርያት ሥራ 1 ላይም ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዘመኑ ሲጠይቁት ወደ ምስክርነት ሥራቸው መልሷቸዋል።

እንግዲህ በመጨረሻው ዘመን ትምህርት የፈለግነውን ማለት እንችላለን ማለት ነው? አይደለም። ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ሄሜኔዎስንና ፊሊጦስን በስም ጠርቶ ይገሥጻል፤ ትንሣኤ ሆኖ አልፏል ብለው የአንዳንዶችን እምነት ገልብጠዋልና። ድንበሩ እዚህ ላይ ነው። ጌታ በክብር ይመጣል፣ ሙታን ይነሣሉ፣ እርሱም ይፈርዳል፣ መንግሥቱ ፍጻሜ የለውም። ይህን እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የጀመረውና በ381 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሟላው ጸሎተ ሃይማኖት ይመሰክራል፤ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም መካነ ኢየሱሱም የእምነቱ መግለጫ አድርጎ ይቀበለዋል። ከእነዚህ አንዱን የሚክድ ከተስፋው ወጥቷል። ቀን የሚቆርጥም፣ ኤልያስ መጥቷል ብሎ ተከታይ የሚያሰባስብም በዚህ ረገድ ሊታረም ይገባዋል። ሺህ ዓመቱ ቃል በቃል ነው ወይስ ምሳሌ የሚለው ግን ከድንበሩ ወዲህ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው መቶ ዓመት ላይ የኖረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ራሱ በሺህ ዓመቱ ምድራዊ መንግሥት ያምን ነበር፤ ግን ከትሪፎን ጋር ባደረገው ክርክር፣ እውነተኛ እምነት ያላቸው ብዙ ክርስቲያኖች እንደ እርሱ እንደማያስቡ ሳይሸሽግ ተናግሯል። አውግስጢኖስም መጀመሪያ የያዘውን አሳብ ትቶ ወደ ሌላው ተሻግሯል፤ በሁለቱም ጊዜ ክርስቲያን ነበር።

አሁን ጊዜ ወስጄ የማሳያችሁ አንድ ታሪክ አለ። አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ሰባተኛ መጽሐፍ ላይ የጻፈው ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት በግብፅ፣ በአርሲኖኤ አካባቢ፣ ኔጶስ የሚባል ጳጳስ ሺህ ዓመቱ በምድር ላይ የሚሆን ነው ብሎ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ ትምህርቱ ተስፋፋ፤ በመጨረሻም በመንደሮቹ ያሉ ማኅበሮች በሙሉ እስከ መለየት ደረሱ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ ይህን ሲሰማ የውግዘት ደብዳቤ ልኮ ዝም አላለም፤ ራሱ ተነሥቶ ሄደ። የመንደሮቹን ቀሳውስትና መምህራን ሰበሰበ፤ ምእመናንም ባሉበት ጉዳዩን በግልጽ እንመርምረው አለ። እነርሱ የኔጶስን መጽሐፍ እንደማይደፈር ምሽግ ይዘው መጡ። ዲዮናስዮስ ከእነርሱ ጋር ሦስት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ መጽሐፉን መረመረ።

ሲተርክም የሚያመሰግነው ራሱን ሳይሆን እነርሱን ነው። ጥያቄውን በሥርዓት ያነሡ ነበር፤ ከባዱን መቃወሚያ አይሸሹም ነበር፤ ከዚህ በፊት ስላልነው ብቻ አንከራከርለትም ይሉ ነበር፤ ማስረጃ ሲያሳምናቸውም አሳባቸውን ለመለወጥ አላፈሩም፤ በዚህ ሁሉ ተደነቅሁ ይላል። በመጨረሻ የዚያ ወገን መሪ የነበረው ቆራቅዮን በሁሉ ፊት የዲዮናስዮስን መልስ ተቀበለ። ስለ ኔጶስም ዲዮናስዮስ የጻፈውን ተመልከቱ፦ ስለ እምነቱ፣ ስለ ትጋቱ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ስለ ማጥናቱና ስለ መዝሙሮቹ እንደሚወደው፣ ወደ ዕረፍቱ ስለ ሄደም አብልጦ እንደሚያከብረው ተናግሯል።

ዲዮናስዮስ ጥያቄው አያሳስብም አላለም፤ ስሕተት ነው ብሎ ያመነውን ስሕተት ነው ብሏል። ልዩነቱን ሸፍነን «ሁላችንም አንድ ነን» ማለት አንድነት አይመስለኝም፤ ሌላውን መስማት የማይወድ ሰው የሚያደርገው ነው። አንድነት ማለት ሦስት ቀን መቀመጥ መቻል ነው። የኛም ጉባኤ ቤት ይህን ልምድ ያውቀዋል። የትርጓሜ መምህር አንዱን ፍች ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ያስከትላል፤ ተማሪው ብዙ ፍች በአንድ ቃል ሥር አብሮ መያዝን ይለምዳል።

አንድ የመጨረሻ ዘመን ትምህርት መልካም መሆኑ ደግሞ በሚያፈራው ይታያል። ጳውሎስ በአንደኛው የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ ስለ ትንሣኤና ስለ መነጠቅ ከተናገረ በኋላ ይህን ለመጽናኛ ተጠቀሙበት ብሎ ይዘጋል። ጴጥሮስ በሁለተኛ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ወደ ቅድስና ይወስደዋል። የኛ ትምህርት ግን ስንት ጊዜ ፍርሃት ብቻ አተረፈ? በኮቪድ ጊዜ ክትባቱ 666 ነው ተብሎ ሲወራ፣ የታመሙ ወላጆቻቸውን መጠበቅ የነበረባቸው ሰዎች አመነቱ። በአንጻሩ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን አስቡ። ሥራው በሐረርጌ ደደር ላይ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ነበር፤ ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. አጥቢያዎቹን ዘጋ፣ ንብረቱንም ወረሰ። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰበሰቡ፤ ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት ከዐሥር ዓመት በኋላ 34,000 ያህል ሆነው ወጡ። ንጥቀት ከመከራው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ጥያቄ አልተፈታላቸውም፤ መከራው ግን ደጃቸው ላይ ነበር፣ እርስ በርስም ተጠባበቁ።

ሐረር ላይ የምንኖረው ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ነው። እነርሱም ነቢዩ ዒሳ ዳግም እንደሚመጣ ያምናሉ፤ ስለ ማንነቱ ከእኛ በጣም ቢለዩም መምጣቱ ለጆሯቸው እንግዳ አይደለም። ጎረቤት ሲጠይቀን ልንመልስ የሚገባን ስለ ጌታ ነው፤ ስለ እርስ በርስ ክርክራችን አይደለም።

ስለዚህ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የምትመሩ ሁሉ፣ ራእይ 20 ላይ ስትደርሱ የማትይዙትን አሳብ ባለቤቱ ቢሰማው «አዎ፣ የኔ ነው» በሚለው መንገድ አስቀድማችሁ ግለጹ፤ ከዚያ የራሳችሁን በድፍረት አስተምሩ። ለቅሶ ላይ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በአገራችን በተለያዩ ቦታዎች በመቃብር ቦታ ምክንያት ክርስቲያኖች አስከሬን ይዘው ተካሰዋል፤ ይህ ልቤን የሚያደማ ነገር ነው። እድሩ ሲጠራ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ጴንጤውም አፈሩን አብረው ይመልሱ፤ የሞተው እንደሚነሣ ሦስቱም ያምናሉና፣ ያንን ለሐዘንተኛው አብረው ይንገሩት።