በዋሽንግተን ዲሲ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ለመክፈት፦ ፈቃድና የምግብ ደህንነት

ፈቃድ ሰጪዎቹ

በዋሽንግተን ዲሲ ምግብ ቤት ለመክፈት የበርካታ መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ ያስፈልጋል። የንግድ ፈቃዱ ከፈቃድና ሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የሕንፃ አጠቃቀም ማረጋገጫው ከሕንፃዎች መሥሪያ ቤት፣ የወጥ ቤት ፍተሻው ከጤና መሥሪያ ቤቱ (ዲሲ ኸልዝ)፣ የመጠጥ ፈቃዱ ደግሞ ከአልኮልና ካናቢስ አስተዳደር ይገኛል። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚከፈት ቤት ግን የሚተዳደረው በሜሪላንድና በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደንብ ነው፤ በአሌክሳንድሪያ የሚከፈተው በቨርጂኒያ ደንብ። የአንዱ ቦታ ፈቃድ በሌላው አያገለግልም።

ከኪራይ ውል በፊት

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ውል ከተፈረመ በኋላ ቤቱ ለምግብ ሥራ እንደማይመች ሲታወቅ ነው። ወጥ ቤቱ የጭስ መሳቢያ፣ የቅባት ማጣሪያ፣ ለእጅ ብቻ የተለየ መታጠቢያ እና ዕቃ ታጥቦ፣ ተለቅልቆ በበረኪና ወይም በሌላ ማጽጃ ውኃ የሚነከርበት ባለ ሦስት ገንዳ ማጠቢያ ያስፈልገዋል። ግንባታ የሚጀመረው ፕላኑ ቀርቦ ከጸደቀ በኋላ ነው። ቀድሞ ምግብ ቤት የነበረ ቦታ ብዙውን ጊዜ ወጪ ይቀንሳል። ለቤት የተሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለንግድ ወጥ ቤት ላይፈቀድ ስለሚችል፣ ሳይገዛ ጤና መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ይበጃል።

ዲሲ ውስጥ ምግብ ቤቱ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ፣ የምግብ ደህንነት ፈተና አልፎ የምስክር ወረቀት የያዘ ኃላፊ በቦታው መገኘት አለበት።

ወጥን ማቀዝቀዝ

የአሜሪካ ከተሞችና ግዛቶች ደንብ በአብዛኛው የሚነሣው የፌዴራሉ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከሚያወጣው ሞዴል ደንብ ነው። በዚህ ደንብ ፊት የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ዋና ፈተና የወጥ ማቀዝቀዝ ነው። ምስር ወጥና ዶሮ ወጥ በትልቅ ድስት ተሠርተው ሲያድሩ መሐላቸው ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች መፍላትን የሚቋቋም ስፖር አላቸው፤ ወጡ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ይራባሉ። የተወሰኑት የሚያመነጩት መርዝ ደግሞ በማግሥቱ ቢሞቅም አይጠፋም።

ስለዚህ ወጡ ከ135 ዲግሪ ፋራናይት (57 ሴልሺየስ) ወደ 70 ዲግሪ (21 ሴልሺየስ) በ2 ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። 41 ዲግሪ (5 ሴልሺየስ) ለመድረስ የሚፈቀደው ጠቅላላ ጊዜ ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ይህ የሚሆነው ወጡ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ተከፋፍሎ ወይም በበረዶ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ሲማሰል ነው። ቀን ተጽፎበት ፍሪጅ ውስጥ ከ7 ቀን በላይ አይቆይም። ለሽያጭ እንደገና ሲሞቅ 165 ዲግሪ (74 ሴልሺየስ) መድረስ፣ ከዚያም ከ135 ዲግሪ በታች ሳይወርድ መቆየት አለበት።

ጥሬ ሥጋ፣ እጅና አለርጂ

ጥሬ ክትፎ፣ ጎረድ ጎረድና ጥሬ ሥጋ የሚሸጥ ቤት እነዚህ ምግቦች ያልበሰሉ መሆናቸውንና የመታመም አደጋ እንደሚጨምሩ በሜኑው ላይ መጻፍ አለበት። ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የተፈጨ የበሬ ሥጋ በልጆች ሜኑ አይገባም። ሥጋው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ካለ ቄራ መምጣት አለበት፤ በጓሮ የታረደ በግ አይሸጥም።

ሠራተኛ የተዘጋጀ ምግብን በባዶ እጁ አይነካም። እንጀራ ሲጠቀለልና አይብ ሲቀርብ ጓንት ወይም መቆንጠጫ ያስፈልጋል። የሚያስመልሰው ወይም ተቅማጥ የያዘው ሠራተኛ ምልክቱ ከጠፋ 24 ሰዓት እስኪያልፈው ወደ ሥራ አይመለስም።

የታሸገ ምግብ ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎችን በመለያው ላይ ማሳየት አለበት። ጤፍ ከስንዴ ጋር የተቀላቀለበት የታሸገ እንጀራ ስንዴውን ይጽፋል፤ ንጥር ቅቤ የገባበት ወተትን። ሰሊጥ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዝርዝሩ ገብቷል።

ጠጅ፣ መኪናና የቤት ምግብ

የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት እስከ 200 ጋሎን ወይን ለራሱ እንዲጠምቅ ይፈቅዳል፤ ጠጅም በዚህ ውስጥ ይካተታል። ለሽያጭ መጥመቅ ግን የአምራችነት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የመጠጥ ፈቃድ ያለው ምግብ ቤት ጠጁን ከሕጋዊ አምራች ወይም አከፋፋይ ይገዛል።

በመኪና የሚሸጥ ነጋዴ ምግቡን የሚያዘጋጅበትና መኪናውን የሚያጸዳበት ፈቃድ ያለው ማዕከል ያስፈልገዋል። የቤት ውስጥ ምግብ ሽያጭ ሕጎች በአብዛኛው ፍሪጅ የማያስፈልጋቸውን እንደ ዳቦና ኩኪስ ያሉትን ይመለከታሉ፤ ቤት የተሠራ ዶሮ ወጥ በእነዚህ ሕጎች አይሸፈንም።

ፍተሻ

ተቆጣጣሪ ሳያሳውቅ ሊመጣ ይችላል። ውኃ ወይም መብራት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ ወይም የፍሳሽ ቆሻሻ ወደ ወጥ ቤት ሲመለስ፣ ባለቤቱ ራሱ ሥራ አቁሞ ለጤና መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ የሚከፈተው በጤና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ብቻ ነው።